የአባትህን ጠባሳ ጠይቅ

ልጄ፣ የአባትህን ሆድ አይተህ ታውቃለህ? ከደረቱ አጥንት ሥር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ እምብርቱ የሚወርድ የድሮ ጠባሳ ካለው፣ ይህን የምጽፈው ለእሱም ለአንተም ነው። እናትህም ልትሆን ትችላለች፤ ድሮ ግን ይህን ጠባሳ የሚያመጣው የጨጓራ ቁስል ይበዛ የነበረው በወንዶቹ ላይ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ነው። ጡረታ ወጥቼ ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላም ሰፈሩ "ሲስተር" ማለቱን አልተወም። ቂሊንጦ ሲባል ሩቅ ያለ ሰው ማረሚያ ቤቱ ትዝ ይለዋል፤ ወጣቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውን ወይም የቢራ ፋብሪካውን ይጠራል። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚሁ ነው። በዚሁ ሰፈር ግን ሐኪም ሳያያቸው አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየገዙ ዓመት የሚያስቆጥሩ ብዙ ጎረቤቶች አሉኝ። ልጆቻቸው መጥተው የሚጠይቁኝም አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ "ሲስተር፣ አባቴ ድሮ ጨጓራውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር። አሁን አፉን መረረኝ ይላል። ምን ልግዛለት?"

ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ምን እንደተሠራለት እወቅ።

ሰው ሁሉ "ጨጓራው ተቆርጧል" ይላል፤ ጠባሳው አንድ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያለው ሥራ ይለያያል። አንዱ በሌሊት ድንገት የመጣ ነው፤ ቁስሉ በስቶበት፣ ሆዱ ድርቅ ብሎ፣ ላብ አጥምቆት። ለዚህ ሰው ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን በገዛ ሞራው ሸፍኖ ይሰፋዋል፤ ሆዱን አጥቦ ይዘጋል። ከጨጓራው የተቆረጠ ነገር የለም፣ የምግቡም መንገድ አልተለወጠም። ሌላው ቁስሉ ለዓመታት ሲድንና ሲያገረሽ የጨጓራውን መውጫ በጠባሳ ያጠበበበት ነው። ይህ ሰው ጠዋት የበላውን ማታ ያስመልሳል፤ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶት ነው የሚመጣው። ለእሱ አሲዱ እንዲቀንስ ወደ ጨጓራ የሚሄደውን ነርቭ ይቆርጡና፣ ጨጓራውን ከትንሹ አንጀት ጋር በአዲስ በር ያገናኙታል። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ በብዛት ሲሠራ የኖረው ይህ ነው። ሦስተኛው የጨጓራው የታችኛው ክፍል በእርግጥ ተቆርጦ የወጣለትና ቀሪው ከአንጀት ጋር የተሰፋለት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ከዚህ በታች ስለ ሐሞት የምነግርህ አብዛኛው አይመለከተውም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ ግን አጥብቀህ አንብብ።

እንዴት ታውቃለህ? አባትህን ጠይቀው፤ ግን በቃሉ ብቻ አትርጋ። ያኔ ሕመምተኛ የተሠራለት ብዙም አይነገረውም ነበር። "ቆርጠው ጣሉልኝ" የሚሉኝ ሽማግሌዎች ወረቀታቸው ሲገኝ ምንም ያልተቆረጠላቸው ሆነው አግኝቻለሁ፤ የተገላቢጦሹም አለ። ሲወጣ የተሰጠችው ቁራጭ ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርዓን መሐል፣ በሣጥን ሥር፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ተጣጥፋ ልትኖር ትችላለች። ካልተገኘች የታከመበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄደህ በሙሉ ስሙና በዓመቱ አስፈልግ። የድሮ ካርድ ጠፍቷል ቢሉህም አትዘን፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ፣ የሚያይ ሐኪም መንገዱን አይቶ ምን እንደተሠራ ሊነግርህ ይችላል። የተሠራበትን ዓመት ግን መሣሪያው አይነግርህም። ዓመቱን ከአባትህ አፍ ውሰድ፤ "ዘመቻው ሰሞን"፣ "አንተ ልትወለድ ስትል" ቢልህ እንኳ ይበቃል።

ቀዶ ሐኪሙን እንዳትወቅስ ታሪኩን ልንገርህ። ጨጓራን ቆርጦ ሕመምተኛው ያገገመለት የመጀመሪያው ሰው ቪየና ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ቢልሮት ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1881። ጨጓራን ሳይቆርጡ ከአንጀት ማገናኘትንም በዚያው ዓመት ረዳቱ አንቶን ቮልፍለር ጀመረው። ነርቩን መቁረጥ ደግሞ በቺካጎው ሌስተር ድራግስቴት እጅ ከ1943 ወዲህ ተስፋፋ። ያኔ ሁሉም ቁስሉ የአሲድና የጭንቀት ውጤት ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1982 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለቁስሉ ተጠያቂ የሆነውን የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው ኤች ፓይሎሪ የሚለውን፣ አሳድገው አሳዩ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። አሲድ የሚቀንሱት ጠንካራ መድኃኒቶችም ገበያ የወጡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አባትህ ቢላ ሥር የተኛው ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። ያ ቀዶ ሕክምና ባይኖር ኖሮ በረሃብ ወይም በደም መፍሰስ ይሞት ነበር፤ አንተም ይህን አታነብም። ስለዚህ ጠባሳው ዕዳ አይደለም። ክትትል የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ነው የምነግርህ።

አሁን ወደ አፉ መምረር። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ የሚፈስሰው ከጨጓራ ቀጥሎ ወዳለው ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው፤ ሥራው ቅባት ማድቀቅ ነው። በጨጓራና በአንጀት መካከል ያለው ጡንቻ እዚህ ፋብሪካዎቻችን በር ላይ እንደሚቆመው ዘበኛ ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን በልክ እያሳለፈ፣ ከውጭ የሚመለሰውን ይከለክላል። የአባትህ ቀዶ ሕክምና ይህን ዘበኛ ወይ አስወግዶታል፣ ወይ በጎኑ ሌላ በር ከፍቶበታል። ስለዚህ ሐሞቱና የቆሽቱ ፈሳሽ ወደ ጨጓራ ይገባሉ። የጨጓራ የውስጥ ገላ አሲድን እንዲችል ተደርጎ ተፈጥሯል፤ ሐሞትን ግን አይችልም። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል።

ተራ ቃርና ይህ አንድ አይደሉም። ቃር ከደረት ሥር ያቃጥላል፤ ኦሜፕራዞል ሲወሰድ ይተዋል። የሐሞቱ ግን ከእምብርት በላይ የማይለቅ ሕመም ነው፤ ጠዋት አፍ መራራ ይሆናል፤ ሲያስመልስ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይወጣል፤ አስመልሶም ሕመሙ አይተወውም። ኦሜፕራዞል ብዙ አይረዳውም፤ ችግሩ የአሲድ አይደለምና። ነርቩ የተቆረጠ ወይም ግማሽ ጨጓራው የወጣ ሰው አሲዱ ቀድሞውንም አንሷል። አባትህ "መድኃኒቱ አልያዘኝም" ሲልህ መጠኑን እጥፍ አድርገህ አትግዛለት። ሐኪሙ የጨጓራውን ገላ የሚሸፍን ወይም የሐሞቱን ጠባይ የሚለውጥ ሌላ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በጣም ከጸናበትም የሐሞቱን መንገድ ከጨጓራው ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚያርቅ ዳግም ቀዶ ሕክምና አለ፤ በስዊዘርላንዳዊው ሴዛር ሩ ስም ይጠራል።

አመጋገቡን አንተ ልታግዘው ትችላለህ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ውኃውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቀደም አድርጎ ወይም ዘግየት ብሎ ይጠጣ። ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ሳይሞላ አይተኛ፤ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አድርግለት። ተልባውንና አብሹን አልከለክልም፤ ሆድ ያለሰልሳሉ፣ አያድኑም። በጣም የምጠነቀቀው ከጾም ፍቺው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ውሎ፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቶ፣ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ ሲጨምርበት ምግቡ ያለ ከልካይ ወደ አንጀት ይወርዳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይጨልማል። ቤተሰቡ "ስኳር ያዘው"፣ "ዓይነ ጥላ ነው" ይላል። ለንስሐ አባቱ ሕመሙን ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንዲህ ጹም ብላ አታስገድድም። ሙስሊም ጎረቤቶቼም በረመዳን ለሕመምተኛ ያለውን ፈቃድ ያውቁታል፤ ችግሩ ሽማግሌዎቹ በፈቃዱ አለመጠቀማቸው ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዓመታት በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ብረትና ቫይታሚን ቢ12 በተቆረጠ ጨጓራ እንደ ልብ አይገቡም፤ ድካሙን፣ የእግሩን መደንዘዝና የገረጣ ፊቱን እርጅና ብለህ አትለፈው፣ ደሙን አስመርምር። ሌላው ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። የከሳና የሚያስል ከሆነ አክታውም ይታይ።

ወደ ካንሰሩ ልምጣ፤ አንተም ከመጀመሪያው ልትሰማ የፈለግኸው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

በቁስል ምክንያት ጨጓራው ተቆርጦ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በቀረው ጨጓራ ላይ ካንሰር የሚነሣበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞች ካወቁ ቆይተዋል፤ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የነበረው ዶናልድ ባልፎር በ1922 ጽፎታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጨመረ ስጋት የለም። ከ15 እስከ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ቀስ እያለ ይጨምራል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሐሞቱ ገላውን ያለ ዕረፍት ያቆስለዋል፤ የቆሰለ ገላ ሲታደስ ሲታደስ አንድ ቀን ይስታል። አሲዱ ስለሚያንስ ጨጓራ ውስጥ መኖር የማይገባቸው ተሕዋስያን ይራባሉ፤ እነሱም በምግብ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ጎጂ ኬሚካል ይለውጡታል። ኤች ፓይሎሪም ካልታከመ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የጃፓን ሐኪሞች በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሌላ ጎጂ ነገር ሳይሰጧቸው የአንጀቱን ፈሳሽ ወደ ጨጓራ በመመለስ ብቻ ካንሰር አይተዋል።

ይህን ሰምተህ አባትህን ዛሬውኑ አታስለቅሰው። ጥናቶቹ ሁሉ በአንድ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ምንም ጭማሪ አላገኙም፣ ብዙዎቹ ግን ከሌላው ሰው አንጻር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ አካባቢ ያስቀምጡታል። የትንሽ ቁጥር እጥፍ ትንሽ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይህ ካንሰር ሳይነካቸው ሸምግለው በሌላ ነገር ያርፋሉ። በእኛ አገር ካንሰር ሲባል ቀድሞ የሚመጣው የጡትና የማኅፀን በር ነው። ከአርሲና ከባሌ በብዛት የሚመጣውም የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሌላ መንገድ ያለው በሽታ ነው፤ እዚያ በጣም ትኩስ ምግብ መዋጥም በምክንያትነት ይጠረጠራል። ሁሉን በአባትህ ጠባሳ ላይ አትለጥፍ። እኔን የሚያሳስበኝ ጠባሳው ያላቸው ሽማግሌዎች መክሳታቸውንና ማስመለሳቸውን "የድሮዋ ጨጓራዬ ናት" እያሉ ማለማመዳቸው ነው። የድሮ ሕመም ስም ለአዲስ በሽታ መሸሸጊያ ሲሆን ብዙ አይቻለሁ። ካንሰር በጊዜው ከተገኘ በቢላ ሊወጣ ይችላል፤ ከዘገየ ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ብትወስደው የሚቀረው ማስታገስ ነው።

አንተስ? አንተም ራስህን አትርሳ። ወገብህን ባመመህ ቁጥር ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሰሉ ማስታገሻዎችን በባዶ ሆድህ ትውጣለህ፤ ከሥራ በኋላ ጫትና ሲጋራ ትጨምርበታለህ። ዛሬም በሌሊት ቁስሉ በስቶበት የሚመጣው አብዛኛው ያንተ ዕድሜ ያለው ወንድ ነው። ኤች ፓይሎሪ በአንድ ቤት ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ አባትህ ከተገኘበት አንተም ተመርመር። በሰገራ የሚታየውን ምርመራ ጠይቅ፤ የደሙ ምርመራ ከዳንክ በኋላም አለ ሊልህ ይችላል። ከተገኘብህ የሚታዘዝልህን የ14 ቀን መድኃኒት ጀምረህ በአምስተኛው ቀን "ተሻለኝ" ብለህ አትተው። ጨርሰህም ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ታይ፤ ኦሜፕራዞሉን ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት አቁመህ። ክብደት ለመቀነስ ከጨጓራዋ ሦስት አራተኛውን አስቆርጣ የመጣች የውጭ አገር ዘመድ ካለችህ ደግሞ የክትትሉ ምክር እሷንም ይመለከታል። በእሷ ላይ የሚበዛው የአሲድ መመለስ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የምግብ ቧንቧን ገላ ሊለውጥ ስለሚችል እሷም ከጊዜ ወደ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ትታይ።

ለአባትህ ኢንዶስኮፒ በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ በዓለም ሁሉ ሐኪም የተስማማበት አንድ ሥርዓት የለም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መንገዱ ከተለወጠ ወይም ጨጓራው ከተቆረጠ 15 ዓመት ካለፈው፣ አንድም ቀን ታይቶ ካላወቀ፣ ደህና ነኝ ቢልም አንድ ጊዜ ይታይ። ከከሳ፣ ቶሎ ከጠገበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ማስመለሱ ከጨመረ ወይም ደሙ ከቀነሰ ግን ዓመት መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚሁ ሳምንት ውሰደው። ከጤና ጣቢያችን ጀምር፤ ከዚያ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ ሪፈር ይጻፍለት። የጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን ሳትይዝ አትዝለል፤ ክፍያው በአንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በቀኑ አብረኸው ሂድ። ጨጓራው አንዳንዴ ባዶ ለመሆን ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ከአንድ ቀን በፊት ፈሳሽ ብቻ ይውሰድ እንደሆን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ሽሮ ያለበት ጨጓራ ለሐኪሙ አይታይም፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ቱቦው ሳይገባ ለሚያየው ሐኪም "እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት ነበር፣ በዚህ ዓመት" በል። የነገርኩህ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው ጨጓራው ከአንጀቱ ጋር በተሰፋበት መጋጠሚያ ዙሪያ ነው፤ በሐሞት የቀላ ገላ መስሎ ዓይን ያታልላል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው ናሙና ይወሰድ እንደሆን ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሐኪሙም አይከፋውም። የናሙናው ውጤት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ኢንዶስኮፒው "ደህና ነው" ሲባል ወደ ቤቱ ይሄድና የናሙናውን ወረቀት ሳይወስድ ይቀራል። አንተ ተመልሰህ ሂድ፤ ወረቀቱን በእጅህ ተቀበል፣ በስልክህ ፎቶ አንሣው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይጻፍልህም ከክፍሉ አትውጣ።